ዕድሜ ሲገፋ ቴስቶስትሮንን በተፈጥሮ መንገድ መደገፍ፦ ከመርፌው በፊት ምን ይቀድማል?

ሸገር_52 (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። 52 ዓመቴ ነው። ሱቅ ውስጥ ነው የምውለው፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ድካም አልለቅ ብሎኛል። ከምሳ በኋላ ዓይኔ ይከደናል። ቦርጭም ወጥቷል። ለትዳር ያለኝ ፍላጎትም ቀንሷል፤ ይህን ፊት ለፊት ለሰው ማንሳት ስለሚከብድ ነው እዚህ የምጽፈው።

አንድ ክሊኒክ ሄጄ የወንድ ሆርሞኔን አስለካሁ። ቴስቶስትሮን 2.8 ይላል፤ ከጎኑ «ዝቅተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ደም የሰጠሁት ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ «የቴስቶስትሮን መርፌውን ጀምር፣ ሰው ትሆናለህ» ይለኛል። እኔ ግን ዕድሜ ልክ መርፌ ላይ ከመውደቄ በፊት በምግብ፣ በእንቅስቃሴና በእንቅልፍ የሚስተካከል ከሆነ እሱን ነው ማስቀደም የምፈልገው። የምታውቁ እስኪ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

ላብ_ቴክ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ልጀምር።

አንደኛ ሰዓቱ። ቴስቶስትሮን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፍ የሚለው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ምግብ ሲበላም ይቀንሳል። ስለዚህ ደሙ መቀዳት ያለበት በጠዋት፣ ከ4 ሰዓት በፊት፣ ቁርስ ሳይበላ ነው። ውጭ ያላችሁ፣ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ማለቴ ነው። በ10 ሰዓት የተቀዳ ደም ላይ ተመሥርቶ «ዝቅተኛ» ማለት ለውሳኔ አይበቃም።

ሁለተኛ መለኪያው። የእርስዎ 2.8 በሚሊሊትር ናኖግራም ነው። በኢንተርኔት የሚያነቡት የአሜሪካኖቹ ቁጥር ደግሞ በዴሲሊትር ስለሆነ 280 ማለት ነው። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር መነሻ መስመር 300 ነው። ያውም በአንድ ምርመራ ብቻ አይወሰንም፤ በተለያየ ቀን ጠዋት ጠዋት ሁለት ጊዜ ተለክቶ፣ ሁለቱም ዝቅ ካሉና ምልክትም ካለ ነው።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ለላብራቶሪው አስቀድመው ይንገሩ። አንዳንድ ማሽኖች ላይ ውጤቱን ያዛባል። ጉንፋን ይዞዎት ወይም ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ከሆነም ሌላ ቀን ይሂዱ።

ስቶክሆልም_ማዶ

ላብ_ቴክ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ 11 ተብዬ ወረቀቴን ይዤ ተደናግጬ ነበር። 300 ሲባል እሰማለሁ፣ የኔ ደግሞ 11!

ላብ_ቴክ (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ አውሮፓ ላይ የሚጠቀሙት ናኖሞል በሊትር ነው። በ29 አካባቢ ስታባዛው ወደ አሜሪካው ቁጥር ይመጣል። 11 ማለት ወደ 317 ግድም ነው። እንደ ጋሼ ሁሉ በጠዋት አስደግመው። ሁላችሁም ውጤት ስትለጥፉ መለኪያውን አብራችሁ ጻፉ።

የውስጥ_ደዌ (ጎንደር)

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ጥያቄው በቀን ተቀን ሥራዬ የሚገጥመኝ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ቴስቶስትሮን ከ30ዎቹ በኋላ በአማካይ በዓመት 1 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ የዕድሜ ነገር ነው። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን ጤነኛን ሰው እንዲህ አያዳክምም። በ8 የአውሮፓ ከተሞች ከ40 እስከ 79 ዓመት ያሉ ከ3,000 በላይ ወንዶች ተጠንተው ውጤቱ በ2010 ወጥቶ ነበር። ሆርሞኑም ዝቅ ብሎ ምልክቱም ተሟልቶ የተገኘው 2 በመቶ አካባቢ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ከሆርሞኑ መቀነስ ጋር በደንብ የተያያዙት ምልክቶች ሦስት ነበሩ፦ ጠዋት ሲነሱ የብልት መቆም መቅረት፣ የፍላጎት መቀነስና ስንፈተ ወሲብ። ድካምና የስሜት መውረድ ከሌላ ከብዙ ነገር ይመጣል።

ስለዚህ ሐኪምዎን ሲያገኙ «መርፌ ይጻፍልኝ» ሳይሆን «ለምን ወረደ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሆርሞኑ የወረደው ሌላ የተበላሸ ነገር ስላለ ነው።

እዚህ አገር ደጋግሜ የማየው ቦርጭና ስኳር ነው። ሆድ ላይ ያለ ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ነገር እንዳይመስልዎ። ውስጡ ያለ ኢንዛይም ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። ኢንሱሊን በደንብ መሥራት ሲያቅተው ሆርሞኑን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን ይቀንሳል። ከአንጎል ሥር ካለችው ከፒቱታሪ ዕጢ ለዘር ፍሬ የሚሄደው ትእዛዝም ይዳከማል። ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ይሆናል። ደስ የሚለው ግን ወደ ኋላ መመለስ ይችላል። ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ክብደቱን ሲቀንስ ሆርሞኑ ይጨምራል፤ ብዙ የቀነሰ ብዙ ይጨምርለታል። 95 ኪሎ የሆነ ሰው 9 ወይም 10 ኪሎ ቢቀንስ ለውጡን በወረቀትም በአልጋም ያየዋል ብዬ ነው የምመክረው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ከቴስቶስትሮኑ ጋር ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ። በጠዋቱ ምርመራ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ከፒቱታሪ ዕጢ የሚወጡት ኤልኤች እና ፕሮላክቲን የሚባሉት ሆርሞኖች ይታያሉ። ራስ ምታት ካለ፣ ዓይን በጎን በኩል ማየት ከቀነሰ ወይም ጡት ካበጠ ሳይቆዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የፒቱታሪ ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቶችም አሉ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ለወራት የሚወሰድ ትራማዶል ሆርሞኑን ያወርዳል። ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ። ለመወፈር ተብሎ ያለ ሐኪም የሚወሰደው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ሌላም ብዙ ጉዳት አለው። የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪም ይንገሩ፤ ከመንገድ የተገዛውንም ጭምር። የታዘዘልዎትን ግን በራስዎ ጊዜ አያቁሙ።

ነርስ_ቲጂ (ሜሪላንድ)

እኔ የምጨምረው እንቅልፍን ነው። ወንዶቻችን እንቅልፍን እንደ ስንፍና ስለሚያዩት ያናድደኛል።

ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ላይ የተሠራና በ2011 የታተመ ጥናት አለ። ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ አስተኟቸው። የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። ተሳታፊዎቹ 10 ብቻ ነበሩ፤ ትንሽ ጥናት ነው። ግን ወጣቶች ናቸው፣ ጊዜውም አንድ ሳምንት ነው። እዚህ ዲሲ አካባቢ ሌሊት ታክሲ የሚነዳውን፣ ቀን ፓርኪንግ የሚሠራውን፣ ለዓመታት 4 እና 5 ሰዓት እየተኛ የኖረውን ወንድማችንን አስቡት።

ሌላው ማንኮራፋት ነው። ሚስቶች ይህን ስሙኝ። ሰውየው ያንኮራፋል፣ ድንገት ዝም ይላል። ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይባንናል። ቀን ደግሞ ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል። ይህ የእንቅልፍ አፕኒያ፣ ማለትም ተኝቶ ሳለ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚመለስበት ችግር ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። አንገተ ወፍራምና ቦርጫም ወንድ ላይ ይበዛል። ሲፓፕ የሚባለው በጭንብል አየር የሚገፋ ማሽን እንቅልፉንም ግፊቱንም ይረዳል። ጋሼ «ከምሳ በኋላ ዓይኔ ይከደናል» ሲሉ መጀመሪያ የመጣብኝ ይህ ነው። ያንኮራፋሉ ወይ? ባለቤትዎን ይጠይቋቸው።

ሸገር_52 (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ጠየቅኳት። «አሁን ገና ነው የጠየቅከኝ?» አለችኝ። እንዳልሽው ነው፣ ዝም ብዬ እባንናለሁ አለች።

ነርስ_ቲጂ (ሜሪላንድ)

እንግዲያው ይህን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ እንዳይወጡ። መርፌውም ቢሆን ያልታከመ ከባድ አፕኒያ ላለበት ሰው ሊያባብስ ስለሚችል ሐኪሞች ይጠነቀቃሉ። እስከዚያው በጎን ይተኙ፣ ማታ መጠጥ አይቅመሱ፣ እራትዎን ከምሽቱ 1 ሰዓት አያሳልፉ።

ጿሚ_ከደሴ

ስለ ጾምስ? ዐቢይ ጾም ሲመጣ ጓደኞቼ «ሥጋና እንቁላል የተወ ወንድ ሆርሞኑ ይሞታል» ይሉኛል። ሰውነቴም እየቀነሰ ይሄዳል። ጾሜን መተው አልፈልግም።

ሥነ_ምግብ_ባለሙያ (አዳማ)

ወንድሜ፣ ጾምህን ጹም። እንግሊዝ አገር በተሠራ ሰፊ ጥናት ከእንስሳት ምንም የማይበሉ ወንዶች ቴስቶስትሮናቸው ከሥጋ በሎቹ አላነሰም። ችግሩ የጾም ማዕዱ ሲሳሳ ነው። እስከ 9 ሰዓት ውሎ ከዚያ እንጀራ በድንች ብቻ፣ ማታ ዳቦ በሻይ ከሆነ ፕሮቲኑም ጉልበቱም ያንሳል፤ ጡንቻም ይሄዳል።

ሽሮህን ወፈር አድርገህ ሥራ። ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ በየማዕዱ ይኑር። ቅባትም ያስፈልጋል፤ ቅባቱ በጣም ያነሰ ምግብ ሆርሞኑን በመጠኑ ሊያወርደው ይችላል። ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ለውዝ ለዚህ ጥሩ ናቸው። ዚንክ ከዱባ ፍሬና ከሰሊጥም ይገኛል። ዚንክ የጎደለው ሰው ሲያገኝ ይሻለዋል፤ ያልጎደለው ላይ እንክብል መጨመር ሆርሞኑን ከፍ አያደርግም። ቫይታሚን ዲም ያው ነው። ጎድሎ ከተገኘ ለአጥንት ሲባል ይሞላ እንጂ ለቴስቶስትሮን ተብሎ አይገዛ።

ቦርጭ ላለበት ሰው ደግሞ ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ማታ የሚበላ ብዙ እንጀራ ይቀነስ። ሁለት እንጀራ የሚበላ አንድ ያድርግ፤ ወጡንና ጎመኑን ይጨምር።

የጅማው

አብሽስ? እናቴ ለአባቴ በየማለዳው አብሽ ትበጠብጥለት ነበር። ለወንድነት ነው ይባላል።

ሥነ_ምግብ_ባለሙያ (አዳማ)

አብሽ ላይ ጥናቶች አሉ። ግን የተጠናው አብዛኛው ተጨምቆ በካፕሱል የተዘጋጀው ነው። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ያሠሩትም ሻጮቹ ናቸው፤ ውጤታቸውም አይስማማም። እናትህ የበጠበጠችው አብሽ ጥሩ ምግብ ነው፤ በተለይ አሰሩ ለሆድና ለስኳር ይረዳል። ሆርሞን ያስተካክላል ብዬ ግን አልነግርህም። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አብሽ ሲያበዛ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ስለሚችል ይጠንቀቅ። አሽዋጋንዳ የሚባለውን የሕንድ ዕፅ ከውጭ የሚያስመጡም አሉ። እሱ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል፤ እኔ አልመክርም።

አሠልጣኝ_ጣና (ባሕር ዳር)

እንቅስቃሴውን ለኔ ተዉልኝ። ሰው የሚጠብቀው ክብደት አንሥቶ ሆርሞኑ ሰማይ እንዲነካ ነው። እንደዚያ አይሆንም። ከልምምድ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይልና ይመለሳል። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ጡንቻ ይገነባል፣ ቦርጭ ይቀንሳል፣ ኢንሱሊን ይሠራል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ሆርሞኑም እነዚህን ተከትሎ ነው የሚስተካከለው።

ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ለጋሼ ሱቅ ውስጥ የሚሆን ልንገር። ዱካው ላይ ቁጭ ይበሉ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ይነሡ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ሲቀመጡ ዱካው ላይ አይውደቁ፤ ዝግ ብለው ነው የሚወርዱት፣ ሥራው እሱ ጋ ነው። አሥር ጊዜ። ትንሽ አርፈው ሁለት ዙር ይድገሙ። ከዚያ ፑሽ አፕ፤ መሬት ላይ ከከበደ ባንኮኒውን ተደግፈው። ከዚያ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልተው በየእጅዎ ይያዙና ወደ ሆድዎ ይሳቡ፣ ከወገብዎ ጎንበስ ብለው፣ ጀርባዎን ግን ቀጥ አድርገው። ሲቀልዎ ወደ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ያድጋሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። በቀረው ቀን ታክሲውን ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወርደው ፈጠን ብለው ይራመዱ። ደረት የሚይዝ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ አቁመው ሐኪም ይዩ።

የማራቶን ዓይነት ልምምድ ለሚወዱም አንድ ነገር። በደንብ ሳይበሉ በየቀኑ ብዙ ኪሎሜትር መሮጥ ሆርሞኑን ያወርዳል። ይህን ሯጮች ላይ አይቼዋለሁ።

ድሬ_ነዋሪ

ጫትስ? እዚህ ብዙ ሰው ጫት ወንድነትን ያበረታል ይላል።

የውስጥ_ደዌ (ጎንደር)

ለጊዜው ያነቃቃል፤ ስሜቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ግን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል። እንቅልፍ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ጨብሲ ይወጣል። አልኮል ሲበዛ ራሱ የዘር ፍሬን ይጎዳል፤ ጉበትንም ይጎዳና ሆርሞኑን ያዛባል። አረቄም ሆነ ድራፍት ለውጥ የለውም፤ ወሳኙ መጠኑ ነው። በዚህ ዑደት ውስጥ ያለ ሰው ሆርሞን ከመለካቱ በፊት ይህን ቢያቆም ብዙ ነገር ይለወጥለታል።

የልጆች_እናት

እኔ ሴት ነኝ፤ ስለ ባለቤቴ ነው። 58 ዓመቱ ነው፣ ግፊትና የልብ መድኃኒት ይወስዳል። ከውጭ የመጣ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ማር አለ። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ቴስቶስትሮን ይጨምራል» ተብሎ ሰው ሰጠው። ከወሰደ በኋላ ፊቱ ቀላ፣ ራሱን አዞረው። ማር እንዲህ ያደርጋል?

የውስጥ_ደዌ (ጎንደር)

እህቴ፣ ዳግመኛ እንዳይወስድ። በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እንዲህ ዓይነት ማሮችን መርምሮ ውስጣቸው ያልተጻፈ ሲልደናፊልና ታዳላፊል አግኝቶ ሻጮቹን አስጠንቅቋል። ሲልደናፊል በቪያግራ ስም የሚታወቀው ነው። ባለቤትሽ ከሚወስዳቸው ውስጥ ናይትሬት ካለ፣ ለምሳሌ ለደረት ሕመም ምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ሰው ይሞታል። ከረጢቱን ይዛችሁ ወደ ልብ ሐኪሙ ሂዱ። የደረት ሕመም ቢመጣበት ድንገተኛ ክፍል «ይህን ወስዷል» ብለሽ ተናገሪ፤ አያሳፍርም።

ደግሞ ስንፈተ ወሲብ ራሱ ብዙ ጊዜ የደም ሥር ችግር ነው። የብልት የደም ሥሮች ቀጫጭን ስለሆኑ ከልብ የደም ሥሮች ቀድመው ችግሩን ሊያሳዩ ይችላሉ። ሲጋራ፣ ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ላይ ሆርሞኑ ደህና ሆኖ ችግሩ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ዳላስ_አባተ

ሁላችሁም መርፌውን ብታስፈራሩም እኔ ሐኪም አዝዞልኝ እወስዳለሁ፣ ጠቅሞኛል። የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ነው። ይህም ይታወቅ።

የውስጥ_ደዌ (ጎንደር)

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ጥሩ ነው ያነሣኸው። ፒቱታሪው ወይም የዘር ፍሬው በእውነት ለተጎዳ ሰው መርፌው ትክክለኛ ሕክምናው ነው፤ ፈርቶ መተው የለበትም። የምንነጋገረው በዕድሜና በቦርጭ ትንሽ ስለወረደባቸው ነው። በ2016 ውጤቱ የወጣ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 790 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት አለ። ቴስቶስትሮኑ የወሲብ ፍላጎትን በመጠኑ ጨመረ፤ ድካም ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። በ2023 የወጣው ደግሞ የልብ ችግር ያለባቸውን ወይም የሚያሰጋቸውን ከ5,000 በላይ ወንዶች ነው የተከታተለው። ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ አልጨመረም፤ የልብ ምት መዛባትና ሳንባ ውስጥ የደም መርጋት ግን ቴስቶስትሮኑን በተጠቀሙት ላይ በዝቶ ታይቷል፤ የተጠቀሙትም መርፌ ሳይሆን ቆዳ ላይ የሚቀባ ጄል ነው። ስለዚህ በሐኪም ክትትል፣ የደም መወፈርና ፕሮስቴት እየታየ ነው የሚወሰደው።

ዱባይ_ጂም

እኔ 31 ዓመቴ ነው። ጂም ውስጥ ጓደኛዬ ያመጣልኝን መርፌ ስወጋ ቆይቻለሁ። ሰውነቴ ቆንጆ ነው። ካገባሁ ቆየሁ፤ ልጅ አልመጣም። ይገናኛል?

የውስጥ_ደዌ (ጎንደር)

ይገናኛል፣ በጣም። ከውጭ ቴስቶስትሮን ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። የዘር ፍሬው ሥራ ሲያቆም የዘር ሕዋስ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ላይ ጨርሶ ይጠፋል፤ ፍሬውም ያንሳል። ለዚህ ነው ልጅ ለሚፈልግ ሰው ቴስቶስትሮን የማይታዘዘው። አብዛኛው ሰው ሲያቆም ይመለስለታል። ግን አዲስ የዘር ሕዋስ ለማምረት ራሱ ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል፤ ሙሉ ማገገሙ ከስድስት ወር እስከ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በመሃል ከባድ ድካምና ድባቴ ሊመጣ ስለሚችል ብቻህን አትታገል። ዩሮሎጂስት ወይም የሆርሞን ሐኪም ፈልግ፤ ማገገሙን የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ።

ስትሄድ የምትወጋውን ጠርሙስ ይዘህ ሂድ፤ ስሙንና መጠኑን፣ መቼ እንደጀመርክ ሳትደብቅ ንገረው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ይታዘዝልሃል። ከምርመራው በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ትታቀባለህ። ባለቤትህም በዚያው ጊዜ ትመርመር፣ ግን ምክንያቱ እሷ እንደሆነች አድርጋችሁ እንዳትጀምሩ።

ዱባይ_ጂም

አመሰግናለሁ ዶክተር። ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ የማላውቀው ቋንቋ ነው፤ ፎቶ አንሥቼ ልልክልህ?

የውስጥ_ደዌ (ጎንደር)

ለሐኪምህ ራሱን ጠርሙሱን ስጠው። እስከ ሐሙስ ግን የሚቀጥለውን መርፌ አትወጋ፤ ያለህንም ለሌላ ልጅ አትስጥ።